ወለድ ያልከፈለችው በርበሬ ነጋዴ

አንዲት በርበሬ ነጋዴ ነበረች፤ አፏ ከምትሸጠው በርበሬ ይብስ ነበር። በከተማው ያለ አንድ ባንክ በዱቤ የሚገዛበት ካርድ ሲያወጣ ቀድማ ወሰደች። በካርዱ ለገዛ ሰው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ያልከፈለውን ግን ወለዱ ቆዳውን ይገፍፈዋል። ሴትዮዋ በርበሬውን በጆንያ በጆንያ በካርዱ እየገዛች፣ የሸጠችበትን ሳትነካ አስቀምጣ፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ሙልጭ አድርጋ ትከፍላለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በነጻ በርራ ላሊበላን ተሳልማ መጣች።

ይህ ነገር የባንኩን ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽን አንገበገበው። የደንበኞች ቀን ሲከበር፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ ከመቀመጫዋ አስነሣት። በሰው ፊት አሳፍሮ ካርዱን በገዛ እጇ እንድትመልስ ሊያደርጋት ነበር ሐሳቡ።

“እትዬ፣” አላት ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ “ሦስት ዓመት ሙሉ ስጦታችንን ሲበሉ አንዲት ሳንቲም ወለድ አልከፈሉንም። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ሰው ደንበኛ እንበለው ወይስ ሌባ?”

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷ ቢግልም ሳትቸኩል ነጠላዋን አስተካከለች።

“ልጄ፣ ወጥመድ ሥር ጥሬ የበተነ ሰው፣ ወፏ ጥሬውን ለቅማ ስትበርበት ሌባ ብሎ አይጮህም” አለችው። “ከጮኸማ፣ ጥሬው ለምን እንደተበተነ የቀሩት ወፎች ይሰሙበታል።”

በማግስቱ ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም ቀኑ ሳያልፍበት ዕዳውን ሊዘጋ የመጣ ነው።