የዋኘው በር መቃብር

ከከተማው ምሥራቅ፣ አስፋልቱ አልቆ የኮረት መንገድ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ፣ የታክሲ ረዳቶች «ዋኘው በር፣ ሁለት ሰው!» እያሉ የሚጣሩለት አንድ አሮጌ መቃብር አለ። ዙሪያውን የከበበው የድንጋይ ካብ በሦስቱ ወገን ቀጥ ብሎ ይመጣና በስተሰሜን ሲደርስ እንደ እርጉዝ ሴት ሆድ ወደ ውጭ ይገፋል። እንግዳ ሰው ሲያየው ግንበኛው ገመድ ሳይወጥር የሠራው ይመስለዋል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ግንበኛው አልተሳሳተም፣ የተሳሳትነውስ እኛ ነበርን ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ያ ዳገት ቀድሞ መቃብር አልነበረም። ዋኘውና ሚስቱ ሽታዬ የሚባሉ ሸክላ ሠሪዎች አፈር የሚያወጡበት ነበር። ዋኘው ቀዩን አፈር ይቆፍራል፤ ሽታዬ አቡክታ ማሰሮና ገንቦ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወርደዋለች። ሰዉ ማሰሮዋን ገዝቶ ወጡን ይሠራበታል፤ እሷን ግን ከደጁ አያሳልፋትም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበርና።

የኅዳር በሽታ የገባ ጊዜ መንደሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀባሪ አጣ ይባላል። ዶማ ያነሳ የነበረው ሁሉ አልጋ ያዘ፤ የሞተውም ከታመመው ጋር በአንድ ጣሪያ ስር ይውል ጀመር። ይህን ጊዜ ዋኘው፣ ያ በደጃቸው እንዳያልፍ ይከለክሉት የነበረው ሰው፣ ማንም ሳይጠራው በየቤቱ እየገባ አስከሬን ይሸከም ጀመር። ለብዙ ዓመት አፈር ያወጣባቸው ጉድጓዶች ተከፍተው ይጠብቁ ነበርና ባልን ከሚስቱ ጎን፣ ሕፃንን ከእናቱ እግርጌ እያደረገ ቀበራቸው። ሽታዬም ገበያው ተዘግቶ ሳይሸጡ የቀሩትን ማሰሮዎች አውጥታ፣ ለቄስ መስቀል፣ ለሙሽራ ድሪ፣ ለሕፃን አንዲት ነጥብ እያለች በድንጋይ ስለት ምልክት ጫረችባቸው።

«የተረፉት ሲድኑ ይፈልጓቸዋል፤ ያኔ እንዳይጠፉባቸው» አለች ይባላል።

ዋኘው ማሰሮዎቹን ወስዶ በየሰዉ ራስጌ ደፋቸው። በሽታው ሲያልፍ ጉድጓዱ ሁሉ ሞልቶ ነበርና ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስቱ ለእፍኝ የሸክላ አፈር የግማሽ ቀን መንገድ ይሄዱ ነበር።

የአጥቢያው ሹም ግራዝማች ደባልቄ ይባሉ ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ሳያውቁ ተኝተው ሳለ እናታቸውን እመት ዘርፌን የቀበራቸው ዋኘው ነው። ግራዝማች ሲድኑ ያዘኑት ሐዘን ብዙ ነበር፤ እናታቸው ያረፉበት ቦታ ሜዳ ሆኖ እንዳይቀር ብለው ዳገቱን በካብ አሳጠሩ፣ ካህናት ጠርተውም አስባረኩ። ሥራው መልካም ነበር። ነገር ግን «የቡዳ ማሰሮ በተባረከ መሬት ላይ አይደፋም» ብለው ማሰሮዎቹን አስለቅመው ገደል አስጣሏቸው። ዋኘው ያኔ በሕይወት ነበር። ዶማውን ተደግፎ ከሩቅ ሲያይ ዋለ ይባላል፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

በሰኔ ዋኘው ሞተ። ሽታዬ ከግራዝማች እግር ስር ወድቃ «ጌታዬ፣ ያን ሁሉ የቆፈረው እሱ ነው። ለራሱ አንዲት ጥግ ትበቃዋለች» ብትል፣ «አባቶቻችን ያላደረጉትን እኔ አላደርግም» አሏት። ከካቡ ውጭ፣ በስተሰሜን በኩል፣ ብቻዋን ቆፍራ ቀበረችው።

ኅዳር ዞሮ ሲመጣ መንደሩ በሙሉ ሙት ዓመት ሊያወጣ ወደ ዳገቱ ወጣ። ሣሩ ሁሉን አልብሶታል። ግራዝማች ከዳገቱ ትልቅ ዋርካ ፊት ለፊት ካለች ጉብታ ላይ ቆመው መምሬ ላቀው ፍትሐት እንዲጀምሩ ሲያዙ፣ አንዲት ባልቴት ነጠላዋን እያራገበች ደረሰች።

«ኧረ ግራዝማች! ባሌን ረግጠውብኛል!»

«እናቴ ናት እዚህ ያለችው።»

«እናትዎ ከመቼ ወዲህ ነው ከሰው ባል ጋር የሚተኙት?»

መምሬ ላቀው ዳዊታቸውን ከደኑ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሁለት ቤተ ዘመዶች ለአንዲት ጉብታ ተያይዘው ነበር። የአንዱ ልቅሶ በሌላው ላይ እየወደቀ፣ ማን ለማን እንደሚያለቅስ የማይታወቅበት ጩኸት ሆነ። ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ማሰሮዎቹን ባንጥላቸው ኖሮ» አለ።

ግራዝማችና መምሬ ላቀው ሽታዬን ፍለጋ ሲወርዱ ጭቃ ስታቦካ አገኟት። እጇን አላነሳችም።

«እመት ሽታዬ» አሉ ግራዝማች። እመት ብሎ የጠራት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም ይባላል። «ሙታኖቻችን ጠፉብን። የማን የት እንዳለ አሳዪን።»

«እኔ ማሰሮውን ነው የሠራሁ፣ ጌታዬ። የት እንደተደፋ የሚያውቀው የደፋው ነው።»

«እሱማ ሞተ።»

«ሞተ። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እንግዲህ እሱን መጠየቅ ነዋ።»

መምሬ ላቀው ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ የሞተ ሰው ይጠየቃል?»

«ግራዝማች እናታቸውን ሊያነጋግሩ ወጥተው የለም እንዴ? እናታቸው ከሰሙ ዋኘው ለምን አይሰማም? ብቻ በካብ ላይ ተንጠራርታችሁ እንዳትጮኹበት። ጆሮው ትንሽ ደከም ይል ነበር።»

ግራዝማች «አጥንቱ ይነሳና በክብር ይግባ» አሉ።

«አጥንቱንማ አታስነኩት። ሰው ሲሸከም የኖረ ነው፤ ይረፍበት። ካቡን አንሱት። ድንጋይ አይታመምም።»

በማግስቱ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሱት ግራዝማች ደባልቄ ራሳቸው ናቸው ይባላል። ካቡ በሰሜን በኩል ፈርሶ ዋኘውን ከቦ እንደገና ተሠራ፤ በሩም ወደዚያው ዞረ። ሲያልቅ ግራዝማች ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመቃብሩ ጎን ተቀመጡና ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚነገረው ጮክ ብለው፣ «አያ ዋኘው፣ እናቴ ዘርፌ ትባላለች፤ አደራ» አሉ። ከዚያ ባልቴቲቱ የባሏን ስም ነገረችው። ሌላውም ቀጠለ። መልስ አልመጣም። መልስ ስላልመጣም፣ ማንም ይሄኛው የኔ ነው ሳይል፣ ያን ዓመት ያን ሁሉ ሜዳ አንድ ላይ አለቀሱለት። ዛሬም በዋኘው በር ለሙት ዓመት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ለዋኘው የሟቹን ስም ጮክ ብሎ ይነግራል፤ ከዚያ በፊት አይለቀስም።

ሽታዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ጠዋት ጠዋት በዚያ በር ገብታ ባሏን ተሳልማ፣ ሜዳውን አቋርጣ በታችኛው ጫፍ ባለው የካቡ መተላለፊያ ከዳገቱ ሥር ወዳለው ምንጭ ትወርድ ነበር። እንደሚነገረው አንድ ቀን ግራዝማች ከዋርካው ስር ተቀምጠው ሲያይዋት፣ ምንም ምልክት በሌለበት ሣር ላይ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሕፃን እንደምትዘል ሰው ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጠባብ እርምጃ ትራመዳለች። ስንት ዓመት ሙሉ ከሙታኑ አንዱንም ረግጣ አታውቅም ነበር።

ግራዝማች ተነሡ። ታውቂ ኖሯል አላሏትም፤ እናቴ የትኛዋ ናት ብለውም አልጠየቋት። ጫማቸውን አወለቁና እሷ በረገጠችበት ብቻ እየረገጡ ከኋላዋ ተከተሏት።

ከበሩ እስከ ምንጩ ያለው የእግር መንገድ ዛሬም እንደዚያው ጠማማ ነው። ባለፈው ዓመት የሰበካ ጉባኤው ኮብልስቶን ሊያነጥፍበት አስቦ መሐንዲስ አምጥቶ ነበር። መሐንዲሱ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርጎ ሲወጥር አንዲት እናት መጥተው ገመዱን ከችካሉ ፈቱና በእጃቸው እየጠቀለሉ፣ «ልጄ፣ እዚህ በቀጥታ አይኬድም፤ ሰው አለ» አሉት።