«እሺ በላት» የሚባለው መጠጥ

በከተማችን የላይኛው ገበያ ባሉት ጠጅ ቤቶች፣ እኩል ጠጅና እኩል ብርዝ ተቀላቅሎ በብርሌ የሚቀርብ «እሺ በላት» የሚባል መጠጥ አለ። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ ይስቃል፤ ሽማግሌዎች እንደሚሉት ግን ነገሩ የተጀመረው ከጭንቀት ነው።

ዘመኑን በትክክል መናገር አልደፍርም፤ ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው የሚሉት ይበዛሉ። ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ጠጅ ቤት የነበራቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ፈንታሁን ደግሞ ጠጁን ቀምሰው ማሩ ከየት አገር እንደመጣ የሚለዩ ሰው ነበሩ ይባላል። አንድ ዓመት እግራቸው አብጦ ሆዳቸው ሲነፋ፣ በከተማው ክሊኒክ የሚያክመው ድሬሰር ጠጁን ቀንሰው ብርዝ ካልጠጡ የሚመጣውን ፋሲካ እንደማያዩ ነገራቸው። እሳቸውም «ብርዝ የልጆች ነው» ብለውት ተነስተው ወጡ።

ወይዘሮ አንጓች አልተከራከሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓዳ ሆነው በባላቸው ብርሌ ላይ መጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላም እኩሌታውን ብርዝ ይቀላቅሉ ጀመር። ቢያውቁብኝ ሌላ ቤት ሄደው ይጠጣሉ ብለው ስለሚፈሩ፣ ብርሌውን ሲያቀርቡ ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር አሉ። አቶ ፈንታሁንም ጠጥተው፣ «ተባረኪ» ብለው ይመልሱላቸዋል። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

አንድ የገበያ ቀን ግን ብርሌ ተለዋወጠና የአቶ ፈንታሁን ድርሻ ታከለ ለሚባል የበቅሎ ነጋዴ ደረሰው። ታከለ ገና ሲጎነጭ ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ አንጓች፣ ይሄ ብርዝ ነው እኮ።»

ወይዘሮዋ ደንግጠው፣ «አምጣው፣ የሳቸው ነው» አሉ። ምን እንዳሉ የገባቸው ካሉት በኋላ ነው።

«የጋሼ ፈንታሁን? ኧረ ጋሼ፣ ጡት ሊያስጥሉዎት ነው» አለ ታከለ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አቶ ፈንታሁን ብርሌውን ከእጁ ተቀብለው ጠጡና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ብርዙ ከአባትሽ ቀፎ በመጣ ማር ነው፤ ለጳጳስ እንኳ ያላወጣሽው።»

«ታዲያ እያወቁ ዝም አሉ?» አለ ታከለ።

«እንድቆይላት ፈልጋ ነዋ። አንተም ቤትህ ስትገባ ሚስትህን እሺ በላት።»

ታከለ ወደ ወይዘሮ አንጓች ዞሮ፣ «እንግዲያው ለእኔም ያንኑ እሺ በላቱን ይቅዱልኝ» አላቸው። ስሙም በዚያው ቀረ ይባላል።

አቶ ፈንታሁን ከዚያ በኋላ ስንት ፋሲካ እንዳዩ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም፤ አንዱ አራት ሲል ሌላው ዘጠኝ ይላል። ዛሬም በከተማችን «እሺ በላት» ያዘዘ ሰው ምን አሞህ ነው ተብሎ አይጠየቅም። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የመጀመሪያውን ብርሌ ያንኑ አዝዞ አብሮት ይጠጣል።