ያለን ሰው የለም የሚል ፈላጊ

«አንድ ሰው ነበረ፤ መዝገብ ቤት ይጠብቃል» ብላ ጀመረች መምህርቷ።

ይህን ያመጣው የተማሪዋ የሥምረት ጥያቄ ነው። ሁለቱ አዲስ የስክሪፕት ቋንቋ፣ ማለትም ኮምፒውተርን ማዘዣ ቋንቋ፣ እየሠሩ ነው። ሥምረት፣ «መምህር፣ በጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልገውን የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ሞተር ለምን እኛ እንጽፋለን? ውጭ የተሠራ፣ ፈጣን፣ የተሞከረ አለ። ወስደን ቋንቋችን ውስጥ ብናስገባውስ?» ብላ ነበር።

«ጠባቂው ከሩቅ አገር ፈላጊ ቀጠረ። ሺህ ገጽ በአንድ ትንፋሽ የሚያገላብጥ ነው። አንድ ቀን አንዲት ገበሬ መጣች። መሬቷን ሌላ ሰው የእኔ ነው ብሏል፤ እስከ ማታ የአባቷን ስም ከመዝገቡ ካላስገኘች ከመሬቷ ትነቀላለች። ስሙ በንጉሡ ሠ እና በጸሎቱ ጸ ‹ሠርጸ› ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠች። ፈላጊው አገላበጠና ‹የለም› አለ።

«‹እንዴት የለም? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው መሬት ነው!›

«‹እመቤቴ፣ ይኼ ፈላጊ ተሳስቶ አያውቅም› አላት ጠባቂው።

«‹አባቴ ነዋ ተሳስቶ የተወለደው!›

«አልወጣችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ‹መዝገቡን ጮክ ብለህ አንብብልኝ› አለችው። ጠባቂው እያጉረመረመ ስሞቹን ያነብ ጀመር። ሦስተኛው መዝገብ ላይ ‹ሰርፀ› ሲል ብድግ አለች። ‹ይኸው አባቴ!› የጥንቱ ጸሐፊ በእሳቱ ሰ እና በፀሐዩ ፀ ጽፎት ኖሯል። ለጆሮ ያው ሰው፣ ለፈላጊው ዓይን ሌላ ሰው።

«ጠባቂው በዚያው ዕለት ፈላጊውን አሰናብቶ እንደ ጆሮ የሚፈልግ የራሱን ፈላጊ ማሠልጠን ያዘ። ሰዎች ‹ያንተ ኤሊ መቼ ሊደርስ ነው?› ብለው ሳቁበት። ‹ይዘግይ› አላቸው፤ ‹ያለን ሰው ግን የለም አይልም።›»

መምህርቷ ወደ ሥምረት ዞረች።

«መዝገብ ቤቱ ቋንቋችን ነው፤ ቅጥረኛው ፈላጊ ደግሞ እንውሰደው ያልሽው ሞተር። ሠሪዎቹ ‹አጻጻፉን ሁሉ ደርድራችሁ ጠይቁት› ይሉናል። ሰው የገዛ አባቱን ስም ለማግኘት በሁለቱ ሰ በሁለቱ ጸ እየቀያየረ አራት ጊዜ አይለማመጥም! መታወቂያሽ ላይ ስምሽ በየትኛው ስ ነው የተጻፈው?»

«በእሳቱ» አለች ሥምረት ቀስ ብላ። «እኔ ግን በንጉሡ ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው ለዚያ ሞተር የለሽም። አለሽ ወይስ የለሽም?»

«አለሁ!»

«በይ ሞተሩን ጻፊ። ሁለቱን ሰ እንደ አንድ እንዲያይ ከማድረግ ጀምሪ።»