የመስጊዱ ምንጭና የጦይብ ምላስ

ወላሂ፣ ይህን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ እኔም ያመንኩት በስንት መከራ ነው።

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ውሸት አያውቁም። በሬ ሲሸጡ እንኳ የበሬውን ጉድለት ለገዢው በጆሮው ነበር የሚነግሩት፤ በሬው ሰምቶ እንዳያፍር።

ጎረቤታቸው ጦይብ ደግሞ የመስጊዱን ምንጭ አይወድም። መራራ ነው ይላል፤ ስሙ ሲነሳ ራሱ ሆዱ ይነፋል። በዚህ የተነሳ ሚስቱ ሰዓዳ በየቀኑ ወንዝ ድረስ እየወረደች ስትቀዳ ወገቧ ጎበጠ።

ሐጂ ከመካ ሲመለሱ የተባረከውን የዘምዘም ውሃ የያዙበት ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ መንገድ ላይ ፈሶ አለቀ። ለጎረቤቱ ሁሉ ምን እንደሚሉ እየተጨነቁ ባዶውን ደጅ አስቀምጠው የዐስርን ሶላት ሊሰግዱ ጓዳ ገቡ። እንኳን ደህና መጡ ሊሉ የመጡ ሴቶች ለሶላት መታጠቢያ የውዱእ ውሃ መያዣ መስሏቸው ከምንጩ ሞሉት። ወንዶቹ ደግሞ ዘምዘሙ ነው ብለው አስገብተው ለእንግዳው ሁሉ አዳረሱት።

ሐጂ ሶላታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ሰዉ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ዞሮ፣ ቢስሚላህ እያለ ይጠጣል። የጦይብ እንባ ጢሙን አርሶታል። ወተት ነው አለ፣ ቀጥሎ ማር ነው አለ፤ ሦስተኛውን ስኒ ሲጨልጥ የጉልበቱ ሕመም ለቆት ሊዘል ቃጣው። ሰዉ የሐጂን እጅ ለመሳም ተጋፋ።

ሐጂ ከምንጩ እስከ ደጃቸው የተንጠባጠበውን ውሃ በመስኮት ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ዝም ቢሉ ክብሩ የሳቸው ነው። ቢናገሩ ዘምዘም አፍስሶ የመጣ ሐጂ መባላቸው ነው። ያኔ ዓይናቸው በሩ ላይ አረፈ። ሰዓዳ ከወንዝ ያመጣችውን ጀሪካን እንዳዘለች ቆማለች፤ ቀና ማለት አቅቷታል።

«ወንድሞቼ፣ ዘምዘሙ በኔ ጥፋት መንገድ ላይ ፈሷል» አሉ። «የጠጣችሁት የመስጊዳችንን ምንጭ ነው።»

ጦይብ ስኒውን ገልብጦ አየው።

«ታዲያ እንዴት ጣፈጠኝ?»

«ውሃውማ ያው ነው፤ ዛሬ ግን አክብረህ ተቀበልከው።»

የዘምዘም በረካ እንዳለ ነው፤ ማንም አይነካውም። ግን አላህ ደጃችን ላይ ያፈለቀልንን ስንቱን ኒዕማ፣ ስንቱን ጸጋ በገዛ ንቀታችን አምርረነው ይሆን? ሐጂም ይህንኑ ለማለት ይመስላል፣ ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ሰዓዳ ግን ቀደመቻቸው። ጀሪካኑን ከጀርባዋ አውርዳ ባሏ እግር ስር አስቀመጠችው።

«እንግዲያስ ከነገ ጀምሮ ወንዝ የሚወርደው ምላስህ ነው» አለችው።