እማሆይ የተዉት መቁጠሪያ

በአንድ ወቅት፣ መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልወጣ ባለበት ዓመት፣ እማሆይ ጽጌ የሚባሉ ዓይነ ስውር መነኩሴ ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የሚመሯቸውም የሚመግቧቸውም ልጆቻቸው ናቸው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬ መጣ። ሰባት ቀን በእግር የሚያስኬድ አገር ተራራ ተንዶ መንደር ቀብሯል፤ የቀረውም ተራራ ተሰንጥቆ በተረፉት ላይ ሊወርድ ነው። ሰዉ ከንፈሩን መጥጦ ወደ ሰንበቴው ሄደ። እማሆይ ግን እህል አልቀምስም አሉ።

«ክርስቶስ እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

ታላቁ ላቀው «ሁለቱ አሉላቸው» ብሎ ዶማውን ተሸክሞ በዚያው ወጣ። እዚያ ሲደርስ ትርንጎ የምትባል ሴት ልጆቿ የተቀበሩበት ጭቃ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላለች። ሦስት ቀን ቆፍሮ ሁለቱን ልጆቿን አወጣላት፤ በወግ ቀበረላት። ያኔ ተነሥታ ተከተለችው።

መካከለኛው ማንደፍሮ ሰኞ ማለዳ የጎተራውን ገብስ በሁለት አህያ ጫነ። ወደዚያ አገር ለሚሄዱ ነጋዴዎች ሰጥቶ ማታ ሊመለስ ነበር። ነጋዴዎቹ ቀድመውት ሄዱ። «ይዤውማ አልመለስም» ብሎ ተከተላቸው። ገብሱ ጎመን ቀቅለው ይበሉ የነበሩትን እስከ እሸት አደረሳቸው።

ትንሹ ይትባረክ ዲያቆን ነው። ማንደፍሮ ማታ ይመለሳል ብሎ፣ ዳቦና ውኃ በእናቱ አጠገብ አኑሮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ዋሻ ሱባኤ ገባ። በሰባተኛው ቀን እዚያ ማዶ ዝናቡ ቆመ፤ የተሰነጠቀው ተራራም ሳይናድ ቀረ። ላቀው በዓይኑ አይቷል።

ጎረቤትስ? የመነኩሴ ደጅ በሱባኤ ጊዜ አይንኳኳም። በሩ ተዘግቶ ሲያዩ «እማሆይም ሱባኤ ይዘዋል» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ያን ሳምንት ግን አልተሻለም።

እሑድ እማሆይ ከቅዳሴ ሲቀሩ የንስሐ አባታቸው መምሬ ዘለቀ በሩን ከፈቱ። እማሆይ ማክሰኞ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። የውኃው ቅል ከእጃቸው ርቋል።

«ሰዎቹ ዳኑ?» አሉ።

«ድነዋል» አሉ መምሬ፣ ምንም ሳያውቁ።

«እንግዲያ ይህን መቁጠሪያ፣ እኔ ብሆን የማደርገውን ላደረገው ልጄ ይስጡልኝ። ቃል ይግቡልኝ።»

መምሬ ቃል ገቡ። እማሆይ ውኃ ጠየቁ፤ ሳይቀዳላቸው አረፉ።

በአርባው ተዝካር መምሬ መቁጠሪያውን አወጡ።

«ለይትባረክ ስጡት» አለ ላቀው። «ተራራውን ያቆመው እሱ ነው።»

«የድንጋይ ውርወራ ያህል ነበር የምርቀው» አለ ይትባረክ። «ጥሪያቸውን አልሰማሁም። ለማንደፍሮ ይሁን።»

ማንደፍሮ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

ትርንጎ ከበሩ ሥር ሆና አለቀሰች። «የእኔዎቹ እንደሆነ ቀድመው ሞተዋል። ምነው አንዳችሁ እንኳ ከእናታችሁ በቀራችሁ!»

መምሬ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ለሙት የተገባ ቃል አይታጠፍም። የቀበረው፣ ያበላው፣ የጸለየው፣ ሦስቱም እናታቸውን ታዝዘዋል፤ ሦስቱም እናታቸውን ገድለዋል። እናንተ በመምሬ ቦታ ብትሆኑ መቁጠሪያውን ለየትኛው ትሰጡት ነበር?