የድንች ውሃ በፊያክ ጭስ ማውጫ

ተረት አለኝ፤ «አምጣው» በሉኝ።

በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ዝናብ እንደ ቤተሰብ አብሮ በሚኖርበት አገር፣ ፊያክ የሚባል ቁመቱ ከስንዝር የማይበልጥ ሰውዬ ነበረ። የአገሩ ሰዎች የወገኖቹን ስም መጥራት ስለሚፈሩ «ደጋጎቹ ጎረቤቶች» ይሏቸዋል። ፊያክና ሚስቱ ኤትና የሚኖሩት ከአሮጊቷ ከፔግ ደጃፍ ሥር፣ መሬት ውስጥ ነው። የጭስ ማውጫቸው ብቅ የሚለው ደግሞ ልክ ፔግ የድንች ቅቅል ውሃ ከምትደፋበት ቦታ ላይ ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ውሃው ቸስ ብሎ ይወርዳል፤ እሳታቸውም ድርግም ይላል።

ሁለት ብቻ ሳሉ ነገሩን ችለውት ነበር። እርጥብ ልብሳቸውን እየጨመቁ ይስቁ ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ኤትና ወለደች። ሕፃኗ ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ እሳቱ በጠፋ ቁጥር ከንፈሯ ይጠቁራል። በሦስተኛው ቀን ፊያክ የሚስቱን ፊት አየ። ኮቱን ለበሰና ወጣ።

ፔግ ድስቷን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። በዕድሜ እሱ ሁለት መቶ ዓመት ይበልጣታል፤ ግን የሚለምን ሰው ዕድሜውን አይቆጥርምና ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እማማ፣ ቤቴ አራስ አለችኝ። ውሃውን ሌላ ቦታ ቢደፉልኝ» አላት።

ፔግ ክፉ ሴት አይደለችም። ጎንበስ ብላ አየችውና አዘነች። ግን ጉልበቷን ያማታል፤ ቤቱን ዞራ መድፋት አትችልም፤ በጓሮ በኩል ደግሞ በር የለም። ባሏ ሎርካን የጓሮ በር ከከፈተላት እንደምትተው፣ ካልከፈተላት ግን እንደማትተው ነገረችው።

ፊያክ ወደ ሎርካን ሄደ። ሎርካን ካብ ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ያጨሳል።

«አባባ፣ የጓሮውን ግድግዳ ይብሱልኝ። እርስዎ ካልበሱ ፔግ አትተውም፤ ፔግ ካልተወች እሳቴ አይነድም፤ እሳቴ ካልነደደ ልጄ አትሞቅም።»

ሎርካን ዶማውን አነሳና አሳየው። ጫፉ እንደ ዶሮ ጥፍር ታጥፏል። «ብረት ቀጥቃጩ ያቃናልኝ» አለ፤ «በዚህ ዶማስ ቅቤም አልበሳም።»

ፊያክ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ ፊንታን ሄደ። የፊያክ ወገኖች ብረት ይፈራሉ፤ ሽታው ራሱ ያባርራቸዋል። እሱም ከደጅ ቆሞ፣ በሁለት እጁ የበሩን መቃን ይዞ ተጣራ።

«ጌታዬ፣ ዶማውን ያቅኑልኝ። ዶማው ካልቀና ሎርካን አይበሳም፤ ሎርካን ካልበሳ ፔግ አትተውም፤ ፔግ ካልተወች እሳቴ አይነድም፤ እሳቴ ካልነደደ ልጄ አትሞቅም።»

ፊንታን ወናፉን አሳየው፤ ቀዝቃዛ አመድ ላይ ተጋድሟል። በዚያ አገር የሚነደው እንጨት ሳይሆን ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ አፈር ነው። ማገዶው ረግረጉ ዳር ተከምሮ ቀርቷል፤ የሚያመላልስለት አህያ ከጠዋት ጀምሮ አልሸከምም ብሎ ቆሟል። «አህያው ካልተሸከመ እኔ ምን አነድዳለሁ» አለ፤ «ጢሜን?»

ፊያክ ወደ አህያው ሄደ። አህያው ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል።

«አያ አህያ፣ ማገዶውን ተሸከምልኝ። አንተ ካልተሸከምህ ፊንታን አያነድም፤ ፊንታን ካላነደደ ዶማው አይቀናም፤ ዶማው ካልቀና ሎርካን አይበሳም፤ ሎርካን ካልበሳ ፔግ አትተውም፤ ፔግ ካልተወች እሳቴ አይነድም፤ እሳቴ ካልነደደ ልጄ አትሞቅም።»

አህያው ጆሮውን ጣለ። ወደ ረግረጉ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጠባብ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ዝይዋ ተቀምጣለች። ያለፈውን ሁሉ ቅልጥሙን ትነክሳለች። ዝይዋ ሳትነሳ እንደማይሸከም ነገረው፤ የተነከሰውንም አሳየው።

ፊያክ ወደ ዝይዋ ሄደ። እንዳትነክሰው ራቅ ብሎ ቆመ።

«እመት ዝይ፣ ከመንገዱ ተነሺልኝ። አንቺ ካልተነሳሽ አህያው አይሸከምም፤ አህያው ካልተሸከመ ፊንታን አያነድም፤ ፊንታን ካላነደደ ዶማው አይቀናም፤ ዶማው ካልቀና ሎርካን አይበሳም፤ ሎርካን ካልበሳ ፔግ አትተውም፤ ፔግ ካልተወች እሳቴ አይነድም፤ እሳቴ ካልነደደ ልጄ አትሞቅም።»

ዝይዋ አልነከሰችውም። «ልጅ ያለህ ሰው ነህ» አለችው፤ «እንግዲያስ ስማ።»

ፊያክ ሰማ። ከእግሯ አጠገብ የጥንቸል ጉድጓድ ነበር፤ ከታች ደግሞ ቀጭን ድምፅ ጲው ጲው ይላል። ልጇ ከነጋ ጀምሮ ገብታ ቀርታለች። የሰው ክንድ አይደርስም፤ የዝይ አንገት አይደርስም። እናትየውም ትታት አትሄድም።

ከእንግዲህ የሚለምነው አልነበረም። ለፊያክ ጥንቸል ማለት በሬ ማለት ነው፤ ጉድጓዱም ጨለማ ነው። ኤትናን አሰበ፤ ልጁን አሰበ፤ በሆዱ ተኝቶ ገባ። ጫጩቷን ከሥሩ፣ ጭቃ ውስጥ ተጣብቃ አገኛት። እንደ ልጁ ትንቀጠቀጣለች። «አይዞሽ፣ እኔም አባት ነኝ» አላት። ኮቱን አልብሶ፣ እየገፋ፣ እየተንሸራተተ፣ እንደገና እየገፋ አወጣት።

ዝይዋ ልጇን አቅፋ ተነሳች፤ ዝይዋ ስትነሳ አህያው ተሸከመ፤ አህያው ሲሸከም ፊንታን አነደደ፤ ፊንታን ሲያነድ ዶማው ቀና፤ ዶማው ሲቀና ሎርካን ፒፓውን አስቀምጦ ግድግዳውን በሳ፤ ሦስት ቀን ሲደክም ቆይቶ በአራተኛው በር አቆመ።

በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ፊያክና ኤትና አንገታቸውን አቅንተው ጭስ ማውጫውን ያያሉ። የፔግ እግር ከላይ ደጃፉ ድረስ መጣ። የለመደ እግር ነውና እዚያው ቆመ። ኤትና ልጇን በቀሚሷ ሸፈነች።

ከዚያ እግሩ ዞረ፤ እየተጎተተ ራቀ። ከጓሮ በኩል ውሃ ሲደፋ ሰሙ።

ፊያክ እሳቱን ቆሰቆሰው። ኤትና ሕፃኗን ከምድጃው አስጠጋች። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ ቀላ፤ ከተወለደች ጀምሮ ጨብጣው የነበረውን እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘረጋች።

እኔ ተናገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ እሳታችሁ አይጥፋ።