ትንፋሼ ይለካ

አንድ ሾፌር ነበረ። በአንድ ሠርግ ማግስት፣ የመልስ ዕለት፣ የሙሽራውን ዘመዶች በሚኒባስ ጭኖ ወደ ሙሽራይቱ ወላጆች ቤት ይሄዳል። ባዶ እጅ አይኬድም ብለው አንድ ጄሪካን ጠጅ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አስቀምጠዋል። መንገዳችንን ታውቁታላችሁ፤ ጉድጓዱ ብዙ ነው። መኪናው ሲዘል ክዳኑ ተፈናጠረና ጠጁ በሰውየው ትከሻ ላይ ወረደ። ዘመዶቹ ሳቁ፤ እልል አሉ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ጥቂት እንደሄዱ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። መስኮቱ ሲወርድ ሽታው ቀድሞ ወጣ።

«ጠጥተዋል?»

«አልጠጣሁም፤ ፈሶብኝ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። መንጃ ፈቃድዎን ይስጡኝና ይውረዱ እስቲ።»

አሁን ልብ በሉ። ይህ ዘርጋው የሚባል ሾፌር ድሮ የለየለት ጠጪ ነበር። ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቆ ያውቃል። ጌታ ከዚያ ሕይወት አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጉንጭ አልቀመሰም። ግን ማን ያምነዋል? መንጃ ፈቃዱ ዳግም ቢያዝ ልጆቹ የሚበሉትን ያጣሉ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ «ድሮስ እሱ!» መባሉ ነው።

ታዲያ ዘመዶቹ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ሰዋችንን ታውቁት የለም? ተግተልትለው ወረዱ። ነጠላቸውን አደገደጉ። የሙሽራው አክስት እትዬ አመለወርቅ ጎንበስ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ለዛሬ ማርልን! የልጆች አባት ነው። ስለ ሙሽሮቹ ብለህ!» አሉት።

ፖሊሱ ልቡ ራራ። «እንግዲህ እናቶች ከለመኑ ምን አደርጋለሁ? አጥፍቻለሁ ይበሉና ይሂዱ» አለው።

በቃ! አንዲት ቃል ብቻ። እናንተ ብትሆኑ አትሉም ነበር?

ዘርጋው ግን፣ «እትዬ፣ አይለምኑልኝ» አለ። ወደ ፖሊሱም ዞሮ፣ «ጌታው፣ እኔ ምሕረት አልጠየቅሁም። ትንፋሼ ይለካ። መብቴ ነው። ውጤቱንም በዓይኔ ልየው።»

«መለኪያው ሌላ ባልደረባ ጋ ነው። እስኪመጣ ይቆያሉ።»

«እቆያለሁ።»

ፀሐዩ ከረረ። መልሱ ረፈደ። ዘመዶቹ፣ «ምን ዓይነት ግትር ነው? አጥፍቻለሁ ብሎ አይገላግለንም?» እያሉ አጉረመረሙ። እሱ ግን ጠጅ ባራሰው ሸሚዙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወገኖቼ፣ እንዴት ያለ አቋቋም መሰላችሁ!

መለኪያው መጣ። ዘርጋው ነፋ። ፖሊሱ አየ፤ ደግሞ አየ። ዜሮ! ለሁሉም አሳያቸው። ከዚያም «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ መንጃ ፈቃዱን በሁለት እጁ መለሰለት።

እትዬ አመለወርቅ አፈሩ። «ዘርጋዬ፣ እኔ እኮ ሰርግ ቤት ጠጥተህ የመጣህ መስሎኝ ነው የለመንኩልህ።»

«አውቃለሁ እትዬ» አላቸው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የቆየሁትም ለዚሁ ነው።»

ወገኖቼ፣ እኔ በዚህ ሰው እኮራለሁ! ትዕቢተኛ ነው የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ያጠፋ ሰው ምሕረት ይለምን፤ በሩ ክፍት ነው። ጌታ ያነጻው ሰው ግን ለምን አጥፍቻለሁ ይላል? ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ፣ የተተወላችሁን ነገር ዛሬም አለብኝ እያላችሁ አንገት የምትደፉት? በድሮ ስማችሁ ሲጠሯችሁ «አቤት» የምትሉት? ተዉ! ቀና በሉ! መመርመርን የሚፈራ የሚደብቀው ያለው ነው። እናንተ ምን ትደብቃላችሁ?

ዘመዶቹስ? ጠጁ ሲፈስበት ያዩት እነማን ነበሩ? እነሱ አልነበሩም? ሳቁ፤ እልል አሉ። ፖሊሱ ፊት ሲቆሙ ግን አንድ ሰው እንኳ «አይተናል፤ ፈሶበት ነው» አላለም። ማርልን አሉ! ጠጥተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ፖሊሱ ብቻ ነበር። የገዛ ወገኖቹ ሳይጠይቁ ፈረዱበት፤ ፈርደውም ለመኑለት።

ዛሬ ከጎናችሁ የተለወጠ ወንድም ተቀምጧል። የተለወጠች እህት ተቀምጣለች። ነገ ስለ እነሱ ትጠየቃላችሁ። አደራችሁን፣ አትለምኑላቸው። ኩሩባቸው፤ አጠገባቸው ቁሙና መስክሩላቸው።